ጸጋ ደረሰኝ የለውም

ከዚራን በቀትር የሚያቋርጥ ሰው ሳይከፍል የሚያገኘው አንድ ነገር አለ፤ ጥላ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩን ተከትላ ስትቆረቆር የከዚራ መንገዶች ቀጥ ብለው ተቀደዱ፤ ዳር ለዳርም ዛፍ ተተከለ። ተካዮቹ ዛሬ የሉም። በዚያ ሙቀት ከሥሩ የሚያርፈው ነጋዴም፣ ቄስም፣ ለማኝም አልተከለውም። «የጥላው ሒሳብ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ታዲያ ከእግዚአብሔር ፊት ስንቆም ምን ነካን? እዚያ ሒሳብ እንጀምራለን። ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ የሚጎርፈውን ሕዝብ እስቲ ልብ በሉ። ድንጋይ ተሸክሞ፣ በስለት ያገኘውን ልጅ አዝሎ የሚወጣ አለ። የዚህን ሰው እንባ የሚነቅፍ ምላስ አይኑረኝ፤ ስለቱ ምስጋና ነው። ጠቤ ምስጋናውን ውል ካደረገው ሰው ጋር ነው። «እኔ ሰጥቻለሁ፤ ተራው ያንተ ነው» ከሚለው፣ ስሙ በድምፅ ማጉያ ካልተጠራ የሰጠ ከማይመስለው ጋር። በአዳራሹም ያው ነው፤ «ዝራ፣ እጥፍ ታጭዳለህ» ይባላል። አቦ፣ ይሄ እምነት ነው ወይስ አራጣ?

ሉቃስ በምዕራፍ 18 ላይ የጻፈው የሁለቱ ሰዎች ታሪክ ለድሬ ሰው ይበልጥ ይገባዋል። አንዱ በሳምንት ሁለቴ የሚጾም፣ አሥራት የሚከፍል ፈሪሳዊ ነው። ሌላው ቀራጭ፤ በእኛ አነጋገር የኬላ ሰው። የኮንትሮባንድ ከተማ ልጅ ቀራጭን ማን ይወዳል? ነገር ግን ጸድቆ ወደ ቤቱ የሄደው እሱ ነው። ፈሪሳዊው የሥራውን ዝርዝር ይዞ ቀረበ፤ ቀራጩ ባዶ እጁን። በሞላ እጅ ላይ ምን ይጨመራል?

«ታዲያ ጾሙም ምጽዋቱም ይቅር?» የሚል አይጠፋም። አይቅር! የተቀበለ ሰው እንዲያውም አብዝቶ ይሰጣል፤ ደረሰኝ ግን አይጠይቅም።

መስጠትስ ለኩራትም ይመቻል። ከባዱ መቀበል ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲፈጅ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆነ። ማታ የቤት ጌታ የነበረ ጠዋት ለብርድ ልብስ እጁን ዘረጋ። ያን ቀን ማን «ይገባኛል» ሊል ይችል ነበር? «የሰው እጅ አላይም» ማለትን ጨዋነት አድርገን አሳድገነዋል። ከጎረቤቱ ብርድ ልብስ መቀበል የሚያሳፍረው ሰው፣ ከፈጣሪው ምሕረትን እንዴት አድርጎ ይቀበላል?

ቋንቋችን ግን ከእኛ ይልቅ ትሑት ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ስንል «እኔ መክፈል አልችልም፤ እሱ ይክፈልልኝ» ማለታችን ነው። በቀን አሥር ጊዜ የምንለውን ቃል አንድ ቀን እንኳ ከልብ ብንለው ምን አለበት?