ከኮሮናና ከፒኞን ላይ እጃችሁን ሰብስቡ

እኩዮቼ፣ በመሪ ላይ የሸበታችሁ ወንድሞቼ፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ለእናንተ ነው። ወጣቱ መካኒክ እምብዛም አያሰጋኝም፤ ያላወቀውን ይጠይቃል። የሚያሰጋኝ የእኛ ልበ ሙሉነት ነው። በኤንትሬ የጭነት መኪናዎች ዘመን መኪና በረሃ ላይ ሲቆም ጋራዥ የሚባል ነገር በቅርብ አልነበረም፤ ሾፌሩና ረዳቱ ከሥሩ ገብተው፣ ያገኙትን አበጅተው ያስነሱት ነበር። ያ ልማድ ብዙ አድኖናል። ዛሬ ግን በዚያው ልማድ ዲፈረንሻሉን በግቢው ፈትቶ፣ ኮሮናና ፒኞን ገዝቶ፣ እኔው እገጥመዋለሁ የሚል ወዳጅ በየጊዜው እሰማለሁ። ዝም ልል አልችልም።

በአብዛኞቹ መኪኖቻችን ፒኞኑ የሚገባው ከኮሮናው መሐል ዝቅ ብሎ ነው። ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ በከባድ ግፊት ውስጥ እየተንሸራተተ ይፋተጋል፤ ጂኤል-5 ዘይት የሚፈልገውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የፒኞኑ ጥልቀት፣ የኩሽኔታዎቹ ጥብቀትና በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሦስቱም እንዲለኩ ያስገድዳል። በተለመዱት የቶዮታ የኋላ ዲፈረንሻሎች ክፍተቱ እንደ ዓይነቱ ከ0.13 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። ኮሮናውን በጣት ነቅነቅ አድርጎ «ይበቃዋል» ማለት ልኬት አይደለም። ክፍተቱ ልክ ሆኖ ጥልቀቱ ከተሳሳተም ጥርሱ በጫፉ ወይም በሥሩ ብቻ ይነካል። ባለሙያው ጥርሶቹን ቀለም ቀብቶ፣ አዙሮ፣ አሻራቸውን የሚመለከተው ለዚህ ነው፤ ካላማረው ሁሉን አውጥቶ፣ ሽም ቀይሮ፣ እንደገና ይገጥማል። በአንዳንዱ ፒኞን ላይ ደግሞ ዳዶው ሲጠብቅ እየተጨፈለቀ ጥብቀቱን የሚጠብቅ ቀለበት አለ። ከልኩ ካለፈ ዳዶውን መልሶ ማላላት አያድንም፤ አዲስ ቀለበት ይፈልጋል። ብዙ ሰው «ትንሽ መለስ አደረግሁት» ብሎ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። ያ ፒኞን ነዳጅ ሲረገጥ ወደ አንድ በኩል፣ ሲለቀቅ ወደ ሌላው እየሸሸ ኩሽኔታውንም ጥርሱንም ይበላል።

እንዲህ የተዘጋ ዲፈረንሻል የሚያሰማውን ጩኸት አይደለም የምፈራው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ጭነት ይዛችሁ የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ፍሬኑ እንዳይነድ መኪናው በማርሽ ይያዛል። በማርሽ ሲያዝ የመኪናውም የጭነቱም ግፊት የሚያርፈው በኮሮናና በፒኞን ጥርስ ላይ ነው፤ ያውም ዳገት ሲወጣ በሚሠራው ፊቱ ሳይሆን በሌላኛው። እዚያ ፒኞኑ ቢቆረጥ ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ። አሁን ልብ በሉ፦ በብዙዎቹ አይሱዙ ኤንፒአርና በቀደሙት ላንድሮቨሮች ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ከካምቢዮው በስተኋላ ያለውን ዘንግ እንጂ ጎማውን አይደለም። ስለዚህ የማርሹም የእጅ ፍሬኑም መያዣ በአንድ ብልሽት አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው የእግር ፍሬን ነው፤ እሱም ቁልቁለቱን ሲወርድ የጋለ። ስብርባሪው በጥርሶቹ መሐል ከተነከሰ ደግሞ የኋላ ጎማዎች በሩጫ ላይ ሊቆለፉ ይችላሉ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ረዳት ዲፈረንሻሉ በማን እጅ እንደተዘጋ እንኳ አያውቅም።

ዕቃው ውድ እንደሆነ፣ የባለሙያ ዋጋም እንደሚከብድ አውቃለሁ። ወጪ መቀነስ ከፈለጋችሁ የምትቀንሱበት ቦታ አለ። ዘይት መለወጥ፣ የተደፈነ ማስተንፈሻ ማጽዳት የእናንተ ሥራ ነው። በላንድክሩዘርና በአይሱዙ ዲፈረንሻሉ ከነማቀፊያው ከአክስሉ ተፈትቶ ይወጣል፤ አውርዳችሁ፣ አጥባችሁ፣ ተሸክማችሁ ለባለሙያው ውሰዱለት። ልኬቱን ግን ለእሱ ተዉት።

ለማን እንደምትሰጡም ተጠንቀቁ፤ ጋራዥ የከፈተ ሁሉ ይህን ሥራ አያውቅም። ዳያል ጌጅ እንዳለው ጠይቁ። ሲጨርስ የጥርሱን አሻራ ካላሳያችሁ አትክፈሉ። የኩሽኔታ ክዳኖቹን ከመፍታቱ በፊት ግራና ቀኙን ምልክት ካላደረገ ሥራውን አስቁሙት፤ ክዳኖቹ ከነቤታቸው አንድ ላይ የተሞረዱ ናቸውና አይለዋወጡም። ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ኮሮናውን ከአንዱ ሱቅ፣ ፒኞኑን ከሌላው እንዳትገዙ፤ ሁለቱ በፋብሪካ አንድ ላይ ተፋጭተው የወጡ ናቸው፣ ጥንዱን የሚያሳየው ቁጥር ካልገጠመ ተዉት። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ የፊቱና የኋላው የጥርስ ሬሾ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። አዲስ የተገጠመውን መጀመሪያ ሃያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ባዶውን ነድታችሁ አቀዝቅዙት፤ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት አትጫኑበት፤ ከዚያ ዘይቱን ለውጡ።

በዓይንና በጆሮ የተዘጋ ዲፈረንሻል ይዞ እየነዳ ያለ ከመካከላችሁ ካለ ዛሬውኑ ጭነቱን ያራግፍ። ዘይቱን አፍስሶ በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ያለውን ይመልከት። ደቃቅ የብረት ዝቃጭ ያለ ነው፤ በጣት የሚቆነጠጥ ስብርባሪ ካገኘ ግን ሞተሩን አያስነሳ፣ በሎቤድ አስጭኖ ወደ ባለሙያ ይውሰደው።