ኮንትሮባንድ ሕጉን አልሻረውም፤ ስምምነት ግን ሻረው

ኬላ ላይ ተሰልፈን ስንውል ወሬያችን ሁልጊዜ አንድ ነው። ቀረጡ በዛ፣ መመሪያው ሳንሰማ ተለወጠ፣ ማንም ሳይጠይቀን ተወሰነብን። ከመካከላችን አንዱ «መፍትሔው በአቋራጭ ማሳለፍ ነው» ይላል፤ ሌሎቻችን ዝም እንላለን። ለዚህ ክርክር ከነጻነት በፊት የነበሩት የአሜሪካ ነጋዴዎች ጥሩ ምስክር ናቸው ብለን እናምናለን። ብዙዎቻችን የምናውቀው ቦስተን ላይ ባሕር ውስጥ የተጣለውን ሻይ ነው። ለነጋዴ የሚጠቅመው ትምህርት ያለው ግን ከሻዩ በፊት በነበሩት ዓመታት ነው።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1733 ቅኝ ግዛቶቿ ከሌሎች አገሮች ደሴቶች በሚያስገቡት ሞላሰስ ላይ በጋሎን 6 ፔንስ ቀረጥ ጣለች። አብዛኛው ነጋዴ አልከፈለም። ለጉምሩክ ሠራተኛው ጉቦ ሰጠ፣ ወይም በሌሊት አራገፈ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አለፈ፤ ሕጉ ግን እንዳለ ቆየ። በ1763 ጦርነት ሲያበቃ የእንግሊዝ ዕዳ ከ120 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቀረጡ ወደ 3 ፔንስ ወረደ። ነጋዴው ግን አልተደሰተም፤ ምክንያቱም ከቅናሹ ጋር የባሕር ኃይል ቁጥጥር፣ የወረቀት ብዛት እና ጁሪ የሌለበት ፍርድ ቤት መጡበት። መንግሥት ለማጥበቅ ያቀረበው ምክንያት ያው ኮንትሮባንዱ ነበር።

በ1765 ደግሞ የቴምብር ሕግ መጣ። የውል ወረቀት፣ ፈቃድ፣ ጋዜጣ፣ የመጫወቻ ካርታ ሳይቀር ቴምብር ይለጠፍበት ተባለ። የዚህን ጊዜ ነጋዴዎቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 31 ቀን፣ ከ200 በላይ የኒውዮርክ ነጋዴዎች ሕጉ እስኪሻር ከእንግሊዝ ዕቃ ላለማስመጣት ተፈራረሙ። ፊላደልፊያና ቦስተን ተከተሏቸው። ትዕዛዝ ሲሰረዝ የለንደን ነጋዴዎች ራሳቸው ለፓርላማ አቤት አሉ። ሕጉ በመጋቢት 1766 ተሻረ። ሠላሳ ዓመት በድብቅ ያልተገኘው በአምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በግልጽ ተገኘ።

እውነቱን እንናገር፤ ሥራውን የሠራው ፊርማ ብቻ አይደለም። በመንገድ ላይ ሕዝቡ የቴምብር ሹሞችን ቤት ሰብሯል፣ በማስፈራራትም ሥራቸውን አስለቅቋል። ነጻነት ይሉ ከነበሩት ነጋዴዎችም ባሪያ የሚሸጡ ነበሩባቸው፤ የሚጣሉበት ሞላሰስም የተገኘው በባሮች ጉልበት ነው። እንደ ቅዱሳን አናያቸውም።

ሁለተኛው ስምምነት የበለጠ ያስተምረናል። በ1767 በብርጭቆ፣ በወረቀት፣ በቀለም፣ በእርሳስ ማዕድንና በሻይ ላይ ቀረጥ ተጣለ። ነጋዴዎቹ እንደገና ተስማሙ። ነገር ግን መጋዘኑ ሙሉ የሆነ ሰው ዋጋ ሲወጣ ያተርፋል፤ ትንሽ ዕቃ የያዘው መደርደሪያው ባዶ ይሆንበታል። በስውር ያስመጡ ነበሩ፤ ስማቸው በጋዜጣ ወጣ። በ1770 ፓርላማው ከሻይ በቀር ሌላውን ቀረጥ አነሣ። በዚያው ክረምት ኒውዮርክ ከስምምነቱ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከታትለው ተበተኑ። በፓውንድ 3 ፔንስ የሆነው የሻይ ቀረጥ ግን ቀረ።

ያ የቀረው ነው በኋላ የፈነዳው። የ1773ቱ የሻይ ሕግ ቀረጡን አልጨመረም፤ እንዲያውም ሻዩን አርክሶታል። ግን የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በመረጣቸው ወኪሎች ብቻ እንዲሸጥ ስላደረገ ሌላው ነጋዴ ከገበያ ሊወጣ ሆነ። በታኅሣሥ 16 ቀን 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ገባ። በ1774 የቦስተን ወደብ ተዘጋ፤ መከራውን በመጀመሪያ የቀመሱት ወዛደሮችና መርከበኞች ናቸው። በ1775 ተኩስ ተጀመረ።

የእኛ ሁኔታ ከእነሱ ይለያል። እኛ በሩቅ ንጉሥ የምንገዛ ቅኝ ተገዢዎች አይደለንም፤ የምንፈልገውም አብዮት ሳይሆን የምናውቀው ቀረጥና የሚሰማን ቢሮ ነው። ቢሆንም ከታሪካቸው አንድ ነገር እንወስዳለን። በአቋራጭ ያሳለፈ ሰው ለዚያች ጉዞ ያተርፋል፤ ሕጉን ግን ለሚቀጥለው ነጋዴ እንዳለ ትቶለት ይሄዳል፣ ፍተሻውንም ያጠብቅበታል። ስሙን ጽፎ ከሌሎች ጋር አቤት የሚል ሰው ደግሞ ዛሬ ይከስራል፤ ነገር ግን የሚሰማው ያገኛል።

መመሪያ ለሚያወጡትም እንላለን፦ አገር ያስነሣው የ3 ፔንሱ ክብደት አልነበረም፤ ከፋዩ አለመጠየቁ ነው።

ለራሳችን ደግሞ ይህን እንበል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ስንል ሎሚው እኩል መከፋፈሉን እንርሳ ማለታችን አይደለም። በ1770 ስምምነቱን ያፈረሰው ይህ ነው። ማኅበር ስንመሠርት፣ አንድ ላይ እንቁም ስንባባል፣ መጋዘን ያለው አንድ ጆንያ ብቻ ላላት እናት በችግሩ ወራት ምን እንደሚያደርግላት አስቀድመን እንስማማ። ከዚያ እንፈርም።