ሌዘር ያልሆነው «ሌዘር»

ባለፈው ሳምንት ከዋሽንግተን አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ዐይኔን አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል፤ ጠዋት ቆቡ ቀልቶና ተጣብቆ ነው የምነቃው። አራት ዙር ሌዘር ልሠራ ነው፤ ኢንሹራንሴ ግን አይሸፍነውም» አለችኝ።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይሄው ሕመም እኔንም ለዓመታት ስላንገላታኝ ብዙ አንብቤበታለሁ።

ነገርዬው ሌዘር አይደለም። አይፒኤል ይባላል፤ እንደ ካሜራ ፍላሽ ብልጭ የሚል፣ የብዙ ሞገዶች ድብልቅ የሆነ ኃይለኛ ብርሃን ነው። የሚያርፈውም ከዐይን ሥር ጉንጭ ላይ ነው። የዐይን ቆባችን ጠርዝ ላይ ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች ተደርድረዋል፤ ቅባቱ እንባችን ቶሎ እንዳይተን ይሸፍነዋል። ዕጢዎቹ ሲደፈኑ ቆቡ ይቆጣል፣ ዐይን ይደርቃል። («እንባዬ እየፈሰሰ እንዴት ደረቀ ይባላል?» የምትሉ አትጠፉም። የደረቀ ዐይን ሲቆጠቁጠው ነው የሚያነባው።) ብርሃኑ ቁጣውን ያበርዳል ተብሎ ነው የሚሰጠው። የአሜሪካው ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ለዚሁ ችግር አንድ መሣሪያ ፈቅዷል፤ ስለዚህ ማጭበርበር ነው አልልም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህን ብርሃን የቆዳችን ሜላኒን ይመጠዋል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ሊቃጠል፣ ሊነጣ ወይም ሊጠቁር ይችላል። ያ መሣሪያ የተፈቀደውም የቆዳ ቀለምን ከ1 እስከ 6 በሚከፍለው የፊትዝፓትሪክ መለኪያ ከ1 እስከ 4 ላሉት ነው። ብዙዎቻችን ከዚያ በላይ ነን! «ስለ ቆዳሽ ጠየቁሽ?» አልኳት። «ኧረ ማንም አላነሳብኝም፤ የአራቱን ዙር ዋጋ ብቻ ነው የነገሩኝ።» ይሄ ነው ያናደደኝ። ሰው ፊት ላይ ብርሃን ከመተኮስ በፊት ፊቱን ማየት አይቀድምም?

እኔን የረዳኝ አሰልቺው መንገድ ነው። በየቀኑ ለ10 ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ቆቡ ላይ መያዝ (ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ደጋግሞ መንከር)፣ ቀስ አድርጎ ማሸት፣ ጠርዙን ማጽዳት። ሁለት ቀን ሞክሮ «አልሠራልኝም» ማለት አይሆንም፤ ሳምንታት ይፈልጋል።

ሀገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ ዐይናችሁ በቀላ ቁጥር ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ከፋርማሲ እየገዛችሁ አትጨምሩ። ቅላቱን ያጠፋል፤ ሲደጋገም ግን የዐይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። ሕመም ካለው ወይም እይታችሁ ከቀነሰ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ልጅቷ ቀጠሮዋን አራዝማለች። የቆዳዋን ነገር ጠይቃ የሚሏትን ስትነግረኝ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።