መቱ ተምሮ፣ ጎሬን ሳያዩ መመረቅ

ከየክልሉ ተመድቦ ወደ መቱ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተማሪ ኢሉባቦር ውስጥ አራት ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቆያል። ዝናቡን ይለምዳል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ጋውን ለብሶ ፎቶ ይነሣና ይሄዳል። ለመሆኑ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን ጎሬን አይቶ የሚሄደው ስንቱ ነው?

እኔ የምለው፣ ተማሪው ከዋናው ትምህርቱ ጎን ለጎን የኢሉባቦርን ባህልና ታሪክ አጥንቶ ሰርተፍኬት የሚይዝበት አጭር ፕሮግራም ይኑር። ነርስም ይሁን ኢንጂነር፣ አራት አምስት ኮርስ ይበቃዋል።

“አንደኛ ዓመት ላይ ሶሻል አንትሮፖሎጂና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ይማር የለም ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። ይማራል። ግን ሌላ ከተማ ያለው ተማሪም የሚማረው ያንኑ ነው፤ ስለ አባ ለጋ የሚነግረው የለም። አባ ለጋ ማለት በኢሉባቦር ገጠር ጨፌው፣ ማለትም ረግረጉ መሬት፣ ለበቆሎ ሲዘጋጅ ውኃው መቼ እንደሚወርድና ቦዩን ማን እንደሚጠርግ የሚያስተባብር፣ ገበሬው የመረጠው ሰው ነው። ጨፌው ያለ ልክ ከደረቀ ምንጩ ይነጥፋል፤ የቤት ክዳን ሣሩም አብሮ ይጠፋል። ታዲያ አንድ የግብርና ተመራቂ ይህን ሳያውቅ “ቦይ ቆፍሩ” ብሎ ቢያዝ ዕዳው የማን ነው?

ወደ ጎሬ ልመለስ። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲያ የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል ይወርድና፣ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይጫን ጀመር። ግሪኩም ሶርያዊውም ጎሬ ላይ ሱቅ ከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ደግሞ፣ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው፣ የመንግሥት መቀመጫ ለጥቂት ወራት እዚያችው ጎሬ ነበረች። የዚህን ጠረፍ ታሪክ በጥልቀት ያጠኑት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ናቸው፤ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በ1976 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ግን ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ነው። ያኔ መቱ ላይ ዩኒቨርሲቲ አልነበረምና ሰበብ ነበረን። አሁን ዩኒቨርሲቲው ካለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፤ የአባቶቻቸውን የቅፍለት ወሬ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

“የማን ባህል?” የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ቢመጣም አልፈራውም። መሠረቱ የኦሮሞው ገበሬ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ኮርስ አፋን ኦሮሞ ይሁን። ይሁንና በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በሠፈራ የመጣውም ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ የእሱም ታሪክ ይጠና።

ሰርተፍኬቱ እንጀራ ይሆናል ወይ ለሚለው፣ ብቻውን አይሆንም። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ ቡና ደን አስጎብኚ ይፈልጋል፤ እናቲቱ በቋንቋዋ “ያመኛል” ስትል የሚገባት ነርስም ያስፈልጋታል። ለዕድገት ነጥብ ማሟያ ወረቀት ከሆነ ግን ባይከፈት ይሻላል። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት አነጋግሮ፣ ድምፃቸውን ቀርጾ ለቤተ መጻሕፍቱ ሳያስረክብ ሰርተፍኬቱ አይሰጠው።

ለመጀመር አንድ አውቶቡስና ጥቂት መቅረጫ ይበቃል። ጉዞው ኅዳር ላይ፣ ቡናው ሲለቀም ይሁን፤ በክረምት የገጠሩ ጭቃ ለማንም አያዝንም።