ሕፃኑን እጁ ሲያስተምረው

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው የአባትንና የእናትን ምክር ነው። ዛሬ ግን ስለ ሕፃናት እጅ ጥቂት ልንል አሰብን። በጂቡቲ ከተማ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይህ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በዚህ ከተማ የሚያድግ ሕፃን በቤቱ ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ ይሰማል፤ ከየመንና ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ልጆችም ዓረብኛና አማርኛ ይሰማሉ። ትምህርት ቤት በገቡ ጊዜ ግን አብዛኞቹን የሚጠብቃቸው ፈረንሳይኛ ነው። እንግዲህ የአራት ዓመት ልጅ የተሳሳተ እንደ ሆነ፥ ስሕተቱ የሚነገረው በማያውቀው ቋንቋ ነው ማለት ነው። በትግርኛ አድገን በሚሲዮን ትምህርት ቤት በሌላ ቋንቋ የተማርን እኛ ይህን እናውቀዋለን፤ መምህሩ ሲናገር የምናነበው ግንባሩን ነበር። ግንባር የሚያነብ ልጅ ደግሞ መምህሩን ማስደሰት ይማራል እንጂ ነገሩን አይማርም።

ኢጣልያዊቷ ሐኪም ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1899 ዓ.ም. ታኅሣሥ 28 ቀን (በአውሮፓ አቆጣጠር ጃኑዋሪ 6 ቀን 1907) በሮማ፥ ሳን ሎሬንሶ በሚባለው የድኾች ሠፈር፥ የመጀመሪያውን «የሕፃናት ቤት» ከፈቱ። የሕንፃዎቹ ባለቤቶች የፈለጉት፥ ወላጆች ሥራ ሲውሉ ልጆች ግድግዳውን እንዳያበላሹ የሚጠብቅላቸው ሰው ነበር። ከግድግዳ ጥበቃ ይህን ያህል ነገር መውጣቱ ያስገርማል።

በዚያ ቤት ሥራ ላይ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱን ብቻ እንመልከት። ዐሥር ቀዳዳ ያለው አንድ ወፍራም እንጨት አለ፤ በየቀዳዳው የሚገቡ ውፍረታቸው የተለያየ ዐሥር ድብልብል እንጨቶችም አሉ። ልጁ አንዱን ያለ ስፍራው ያስገባ እንደ ሆነ በመጨረሻ አንድ እንጨት ይተርፈዋል፤ የቀረውም ቀዳዳ አይቀበለውም። ስሕተቱን የነገረው እንጨቱ ነው። እንጨት ፈረንሳይኛም ሶማሊኛም አይናገርም፤ ግንባሩንም አይቋጥርም። ልጁ አፍርሶ እንደ ገና ይጀምራል፤ አንዱ በአንድ ቀን፥ ሌላው በሳምንት ይፈጽመዋል። ፊደልም እንዲሁ አናጢ እንጨት ከሚያለሰልስበት ሸካራ ወረቀት ተቆርጦ ይሰጠዋል፤ በጣቱ እየዳሰሰ ድምፁን ይሰማል። አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን «ተ»ንና «ቸ»ን፥ «ዘ»ንና «ዠ»ን በዓይን ብቻ ለመለየት ሞክራችሁ እንደ ሆነ የእጅን ጥቅም ሳትረዱት አትቀሩም።

ይሁን እንጂ ልጅን በየዐቅሙ ማስኬድ ከሮማ የመጣ አዲስ ነገር ነው ብለን እንዳንታለል። ዱግሲ በሚባለው በሶማሌዎች የቁርኣን ትምህርት ቤት ልጆቹ በአንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሎሕ የሚሉት የራሱ የእንጨት ሰሌዳ አለው። ትምህርቱ በከሰል ቀለም ይጻፍበታል፤ በቃሉ የያዘ ጊዜ ለመምህሩ ያሰማል፤ ከዚያም ሰሌዳው ታጥቦ የሚቀጥለው ይጻፋል። ጎረቤቱ ገና ትናንት በተጻፈለት ላይ ቢሆን እርሱን የሚያስቆመው የለም። በሀገራችንም በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የሚቈጥረውና ዳዊት የሚደግመው በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ይውሉ ነበር። በእነዚህ ቤቶች አለንጋ እንደ ነበረና ትርጕሙም ከቃሉ እጅግ ዘግይቶ ይመጣ እንደ ነበር አንሸሽግም። ቢሆንም ልጁን ከጓደኛው ጋር አስረው አልነዱትም።

ዛሬ ችግሩ ከአባቶች ላይ ነው። ማታ ከመሥሪያ ቤት ሲመለሱ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ «ውሃ ቀዳሁ» ያላቸው እንደ ሆነ ገንዘባቸው በከንቱ የፈሰሰ ይመስላቸዋል። ከማንቈርቈሪያ ወደ ብርጭቆ አንድ ጠብታ ሳያፈስ መቅዳት እርሳስ የሚይዙትን ጣቶች የሚያሰለጥን ሥራ መሆኑን የሚነግራቸው የለም፤ በጂቡቲም ውሃ እንዴት ውድ እንደ ሆነ እነርሱ ያውቃሉ። መምህራኑም የአባቶችን ቁጣ ፈርተው ደብተር ያሲዛሉ፤ ያልበሰለ እጅም መስመር ለመስመር ይንቀጠቀጣል። በኢትዮጵያም «ዜሮ ክፍል» በተከፈተባቸው ስፍራዎች ልጅ ሲበዛና መምህር ሲያንስ ሁሉም ወደ ሰሌዳ እያየ አብሮ መጮኽ ይሆናል።

የሞንቴሶሪን ስም በበሩ ላይ መጻፍ ለማንም ቀላል ነው፤ ስለዚህ በስሙ አትመኑ። ጧት በሁለት ሰዓት፥ ሙቀቱ ሳይበረታ፥ አስፈቅዳችሁ በአንድ ማዕዘን ተቀመጡ። ሥራ የያዘ ልጅ ስንት ጊዜ እንደ ተቋረጠ ቍጠሩ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ውድ እንጨት ባይኖርም አያሳስባችሁ፤ ከባሕሩ ዳር የተለቀመ ዛጎል በትልቅነቱ ይደረደራል፤ በትሪ ላይ በተነጠፈ አሸዋም ፊደል ይጻፋል፥ ይጠፋል፥ እንደ ገና ይጻፋል።

ሰኔ ሲገባ ደግሞ ሙቀቱ ልጆችን ቤት ያውላቸዋል። ያን ጊዜ ሽምብራና ባቄላ ቀላቅላችሁ በአንድ ሳሕን ስጡት፤ ሁለት ባዶ ሳሕኖችም አስቀምጡለት። ቢዘገይ አትርዱት።