የዝግባን አናት ስለ ምን እንቆርጣለን?

ክረምት በመጣ ቁጥር በከተሞቻችን የመኖሪያ ግቢዎች ብዙ ችግኝ ይተከላል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከእነዚሁ ችግኞች ያደጉት ዛፎች አናታቸው ይቆረጣል፤ ወደ ታች የተንዠረገገው ቅርንጫፋቸውም «ተዝረከረከ» ተብሎ እንደ ግድግዳ ይከረከማል። ይህ ልማድ አብዝቶ የሚጎዳው ዘንፋላ የሆኑትንና ዓመቱን ሙሉ ለምለም የሆኑትን ጥድ መሰል ዛፎች ነው። ከአገር በቀሎቹ መካከል ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነን ዝግባ ነው። በእኛ አስተያየት የዝግባ ነገር መወሰን ያለበት በሚተከልበት ቀን እንጂ ካደገ በኋላ በመጋዝ አይደለም።

ለመሆኑ ዛፉ ስለ ምን ያጎነብሳል? ለጋ ቅርንጫፍ አንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ ዘንግ ነው። ውፍረቱ እኩል የሆነ እንዲህ ያለ ዘንግ በራሱ ክብደት ሲጎብጥ፣ ጉብጠቱ አነስተኛ እስከሆነ ድረስ፣ የጫፉ ዝቅታ ከርዝመቱ አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ይህም ማለት ውፍረቱ ሳይለወጥ ርዝመቱ 2 እጥፍ ቢሆን ዝቅታው 16 እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ ርዝመቱ ሳይለወጥ ውፍረቱ 2 እጥፍ ቢሆን ዝቅታው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ለጋው ቅርንጫፍ ቶሎ ስለሚረዝምና ውፍረቱ ወደ ኋላ ስለሚቀር ማጎንበሱ የሚጠበቅ ነው።

ይህ ሲባል ግን ዛፉ ለስበት ኃይል እጁን ሰጥቷል ማለት አይደለም። በቡቃያው ህዋሳት ውስጥ የሚገኙ የስታርች ቅንጣቶች በክብደታቸው ወደ ታች ስለሚሰፍሩ ተክሉ ላይና ታችን ይለያል። ጥድ መሰል ዛፎች ግንዳቸው ወይም ቅርንጫፋቸው ሲያዘም ከበታቹ በኩል ለየት ያለ ጠጣር እንጨት ይሠራሉ፤ ይህም እንጨት እየተለጠጠ ወደ ላይ ይገፋል። ወደ ታች የተንጠለጠለ ጫፍ ደግሞ ወደ ጎን ከተዘረጋው ይልቅ በመነሻው ላይ የሚያሳድረው የማጉበጥ ጫና አነስተኛ ነው። በመሆኑም ዘንፋላነት ጉድለት ሳይሆን ሸክምን የማቃለያ መንገድ ነው።

አናቱ ሲቆረጥ ይህ ሚዛን ይፈርሳል። ከቁርጡ በታች ያሉ በርካታ ቡቃያዎች የግንዱን ቦታ ለመያዝ ሽቅብ ይሽቀዳደማሉ፤ መጋጠሚያቸውም ደካማ ስለሚሆን ነፋስ ሲበረታ ይገነጠላሉ። ለአጥር በብዛት የሚተከለው የፈረንጅ ጥድማ ቅጠል እስከሌለው አሮጌ እንጨት ድረስ ከተቆረጠ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም።

«ዛፉ ቤት ላይ ቢወድቅስ?» የሚል ስጋት መኖሩን እንረዳለን። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ዝግባ ከ30 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላልና። መልሱ ግን ርቀት ነው። ከቤቱ በሚገባ ማራቅ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥርም አለመትከል ይገባል። ግቢው ይህን ያህል ስፋት ከሌለው ዝግባ ባይተከልበት ይሻላል።

ስፋቱ ያለው ሰው ችግኙን በክረምቱ መግቢያ ይትከል፤ ላስቲኩን ያውልቅ፤ የተጠቀለለውንም ሥር ይፍታ። ከዘር የበቀለ ችግኝ ቀጥ ያለ ግንድ ያወጣል፤ ከጎን ቅርንጫፍ ተቆርጦ የተራባው ግን ስለሚልፈሰፈስ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ድጋፉ በጨርቅ ላላ ተደርጎ ይታሰር፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላም ይነሣ፤ ግንድ የሚወፍረውና የሚጠነክረው በነፋስ ሲወዛወዝ ነውና። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውኃ ይጠጣ፤ ዙሪያው ግንዱን በማይነካ ጉዝጓዝ ይሸፈን። ከዚያ ወዲያ የደረቀ ቅርንጫፍ ከማንሣት በቀር መጋዝ አያሻውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዝግባን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት አገር በቀል ዛፎች መካከል አስፍሮት ነበር። በካሊፎርኒያ ከተሞች የምሥራቅ አፍሪካው ዝግባ የመንገድና የግቢ ጌጥ ሆኖ ይታያል። እኛ ደግሞ የተፈጥሮ አገሩ ላይ ነን። ዝግባ ዝግ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ ዛሬ የተቆረጠውን አናት ነገ አንተካውም። በመጪው ክረምት ችግኝ ለመትከል ያሰባችሁ አንባብያን ሁሉ ጉድጓዱን ከመቆፈራችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የሰማዩን ስፋት እንድትለኩ እናሳስባለን።