«ኖሬያለሁ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ይህንን አስተያየት እንድጽፍ ያነሳሳኝ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት ጥያቄ ነች። ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን አንድ ሰው በአማርኛ አነጋግረን ዜናውን በእንግሊዝኛ እንድንጽፍ የቤት ሥራ ሰጡን። የቂርቆስ ልጅ ስለሆንኩ ሩቅ አልሄድኩም። ርዕሴን የጀበና ቡና ንግድ አድርጌ ቡና በመሸጥ ለሚተዳደሩ የጓደኛዬ አክስት ስልክ ደወልኩ።

እትዬ (ስማቸውን ልተወው) «ካዛንቺስ 32 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት እዚያው ነው» አሉኝ። እኔም ምንም ሳልጨነቅ «ሺ ሃዝ ሊቭድ ኢን ካዛንቺስ ፎር ሰርቲ ቱ ይርስ» ብዬ ጻፍኩ። ለምን? «ፎር» አለቻ! ከታች ክፍል ጀምሮ «ሲንስ» ወይም «ፎር» ካየህ ፕረዘንት ፐርፌክት፣ «የስተርደይ» ካየህ ሲምፕል ፓስት እየተባልን ነው ያደግነው። ወረቀቱ ሲመለስ ከዓረፍተ ነገሬ ጎን «አሁንም እዚያ ናቸው?» የሚል ተጽፎበታል። አላውቅም ነበር።

መልሼ ደወልኩ። «ኧረ ልጄ፣ ቤቱ ፈረሰ እኮ! ገላን ጉራ ገብተናል» አሉኝ። ለካስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲፈርስ ከተነሱት ነዋሪዎች አንዷ ናቸው። በእኔ ዜና ላይ ግን ቤቱ እንደቆመ፣ ጀበናውም እንደተጣደ ነው። ስማቸውንም፣ ዕድሜያቸውንም፣ የዓመቱንም ቁጥር በትክክል ጽፌ በአንዲት «ሃዝ» ምክንያት ዜናው ሐሰት ሆነ። ደግሞ እኮ «እዚያው» ብለውኝ ነበር! «እዚህ» አላሉም። አማርኛው ፍንጭ ሰጥቶኝ እኔ ነኝ ያለፍኩት።

አማርኛ ጊዜ አይለይም የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ እኔ አልስማማም። «እኖር ነበር» አለን። እትዬ «ከገባሁ 32 ዓመቴ ነው» ቢሉኝ ኖሮ ደግሞ አሁንም እዚያው እንዳሉ ማንም ይረዳ ነበር። ልዩነቱ ሁለቱ ቋንቋዎች ጊዜን የሚከፍሉበት ቦታ መለያየቱ ነው። «ኖሬያለሁ» አሁንም እዚያ ያለውንም ከዚያ የተነሳውንም ሰው ያገለግላል፤ እንግሊዝኛ ግን አንዱን ምረጥ ይለናል። «ደክሞኛል» የምንለውን ፈረንጅ «አይ አም ታየርድ» ይላል። ካፌ ውስጥ አስተናጋጁን ስንጠራው «መጣሁ!» ይለናል፤ ሰውዬው ግን ገና ጓዳ ነው። «አይ ኬም» ብለን ብንተረጉምለት ማን ያምነናል? «እመጣለሁ» ደግሞ ለነገም ለየቀኑም ነው። አንድ ባለሥልጣን «መንገዱ ይሠራል» ቢለንስ? እየተሠራ ነው ወይስ ገና ሊሠራ ነው? መዝገበ ቃላት ይህንን አይመልስም፤ መልሱ ያለው ሰውዬው ዘንድ ነው።

ቀኑ ከታወቀማ ሥራው ቀላል ነው። ከካዛንቺስ ብዙ ሳንርቅ የአፍሪካ አዳራሽን እንውሰድ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያ የተመሠረተው በግንቦት 1955 ዓ.ም. ስለሆነ «ዎዝ ፋውንድድ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለም። አዳራሹ ታድሷል ለማለት «ሃዝ ቢን ሬኖቬትድ» ያስኬዳል፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ ካልን ግን ቀኑ ስለተጠቀሰ «ሃዝ» ትወጣና «ሪኦፕንድ» ብቻ ይቀራል። (የጋዜጣ ርዕስ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። እኛ «ዋጋ ጨመረ» የምንለውን እንግሊዝኛው በፕረዘንት «ሬይዝስ» ብሎ ይጽፈዋል።)

በእኔ እምነት የትምህርት ክፍላችን ፈተና ባዶ ቦታ ማስሞላቱን ቢቀንስ ይሻላል። እዚያ «ሲንስ» እና «የስተርደይ» መልሱን በጆሯችን ሹክ ይሉናል፤ ቡና የምትሸጥ እናት ግን «ሲንስ» አትልም። በምትኩ የተቀረጸ የአማርኛ ቃለ መጠይቅ አሰምተውን «ይህንን በእንግሊዝኛ ከመጻፍህ በፊት ምን ብለህ ትጠይቃለህ?» ቢሉንስ? አንዳንድ ጓደኞቼ መጀመሪያ ሠንጠረዡ በቃል መያዝ አለበት ብለው ይከራከሩኛል። እኔ እኮ 12ቱንም ቴንስ በቃሌ ይዣለሁ! ሁለት ማርክ ከመቀነስ አላዳነኝም።

ዓረፍተ ነገሩን «ሺ ሊቭድ» ብዬ አስተካከልኩት። «ፎር» አልተነካችም፣ እዚያው ነች። ከዚያ ለእትዬ ደውዬ «ካዛንቺስ 32 ዓመት ይኖሩ ነበር ብዬ አርሜዋለሁ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ በየወሩ በ22 ለኡራኤል እመጣ የለ? እሱንስ ጽፈኸዋል?» አሉኝ። አልጻፍኩትም ነበር። «ሺ ስቲል ጎዝ» ብዬ ጨመርኩበት።